ትኩስ ወተት ይነፋኛል፣ እርጎ ግን ይስማማኛል

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳልርቅ የምኖር እናት ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ስጠጣ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ያስቀምጠኛል። ማኪያቶና እርጎ ግን ምንም አይሉኝም። ጎረቤቶቼ «አለርጂክ ነው» ስላሉኝ ቅቤውንም አይቡንም ተውኩ። እኔን እንዳይወጣ ፈርቼ ለ4 ዓመት ልጄም ወተት ከለከልኩ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማኪያቶና እርጎ ከተስማሙሽ ይህ አለርጂ አይመስለኝም። የወተት አለርጂ ያለበትን ሰው ትንሽ ወተትም ይበቃዋል። ያሳክከዋል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ያንቺን ሆድ የሚያስቸግረው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይመስለኛል። በአንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ያህል አለ፤ በማኪያቶ ግን ጥቂት ነው። የሚፈጨው ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ጡት ከጣልን በኋላ በብዙዎቻችን እያነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም ያቦኩትና ጋዝ ይሆናል። ወተቱን ማፍላት ላክቶሱን አያጠፋውም። ለጀርም ሲባል ግን ሁሌም አፍልተሽ ጠጪ።

ከፋሲካ ወዲህ መባሱ አይገርመኝም። 55 ቀን ወተት ያልቀመሰ አንጀት በባዶ ሆድ ሙሉ ብርጭቆ ሲመጣበት ይከብደዋል።

አይቡን መተውሽ ግን አሳዝኖኛል። እኔ ጢስ ዓባይ ነው ያደግኩት፤ እናቴ አይብ ስታወጣ ከአጠገቧ አልጠፋም ነበር። አሬራው በዝግታ እሳት ላይ ይጣዳል። አይቡ ይረጋል፣ ቢጫ የሚለው አጓት ለብቻው ይወጣል፣ ከዚያ ይጠለላል። አብዛኛው ላክቶስ ከዚያ አጓት ጋር ነው የሚሄደው። ንጥር ቅቤ ውስጥማ የለም ማለት ይቻላል። እርጎውን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎችም ከስኳሩ የተወሰነውን በልተው ወደ አሲድ ቀይረውታል። ስለዚህ አይብሽንም ቅቤሽንም ብዪ።

ለ2 ሳምንት የብርጭቆ ወተቱን ብቻ ተዪው። ከዚያ ሩብ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ሞክሪ፤ ከተስማማሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

የሰገራ ምርመራም አድርጊ። ጃርዲያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ስለሚጎዳ፣ ከዳንሽ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ወተት እንዳይስማማሽ ሊያደርግ ይችላል። ደም ካየሽ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ፣ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍሽ ከቀሰቀሰሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይይሽ።

ልጅሽ ወተት ጠጥቶ ደህና ከነበረ ከዛሬ ጀምሮ መልሺለት። በዚህ ዕድሜው ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ያስፈልገዋል።