ከየት መጣ? ማን ቤት ነበር?

ስለ ድሮ ሥዕል የሚላኩልንን ጥያቄዎች፣ ለረጅም ዓመታት ሥዕል ያስተማሩትና አሁን አዳማ ላይ ፍሬም ቤት ያላቸው አምደኛችን ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። አንድ የማውቀው ደላላ እንጨት ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል አምጥቶልኛል። ሁለት ገበታ ነው፣ በገመድ ተያይዞ ይታጠፋል። «የጎንደር ዘመን ነው፣ ከአንድ አሮጌ ቤት የወጣ» ይላል። 85,000 ብር ጠይቆኛል፤ እስከ ቅዳሜ ካልወሰድኩት ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ነቀዝም በልቶታል። ለመነገድ ሳይሆን ቤቴ ላስቀምጠው ነው። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? (ሚ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ቅዳሜን እርሳው። የሚያጣድፍህ ሰው ደህና አድርገህ እንድታይ አይፈልግም።

እውነተኛ ስለመሆኑ ጠየቅኸኝ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር እንድትጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ማን ቤት ነበር? «ከአንድ አሮጌ ቤት» መልስ አይደለም። የት አገር? የማን ቤተሰብ? እነሱስ ከማን አገኙት? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት የድሮ ፎቶ አለ? ባለቤቶቹን ማነጋገር ትችላለህ? ደላላው «ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም» ካለህ እዚያው ተወው። እንዲህ ያለ ሥዕል ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ነው። ፎርጅድ ከሆነ የምታጣው ገንዘብህን ነው። እውነተኛ ሆኖ የተሰረቀ ከሆነ ግን አንድ የገጠር ደብር የሚሳለመውን ሥዕል አጥቷል፤ ሥዕሉ ደግሞ አንተ ሳሎን ተቀምጧል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው አገራችን ብዙ ስላጣች ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ፣ ነገሥታቱ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል ተወሰደ። የወሰደው ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከ ባለሙያ ነበር። ለራሱ አስቀረው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። የዛሬው ሌባ ጦር አያስፈልገውም። የሚገዛው ሰው ካገኘ ይበቃዋል።

ሕጉንም እወቅ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግል መያዝን አይከለክልም። ግን መመዝገብ አለበት፤ ሲሸጥም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ ክልክል ነው። ደላላውን «አብረን ሄደን እናስመዝግበው» በለውና ፊቱን እይ።

ይህን ሁሉ ካለፈ ሥዕሉን ገልብጠው። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከጀርባው ነው፤ የሚያታልል ሰው የሚደክመው ለፊቱ ነውና። የድሮዎቹ ገበታዎች ብዙዎቹ ዋንዛ ናቸው፣ በእጅ የተጠረቡ። የመጥረቢያና የመሮ ምልክት ወጣ ገባ ይላል። እኩል እኩል የሆነ የማሽን መጋዝ ምልክት ካየህ ጎንደርን እርሳ። የነቀዙን ቀዳዳ በቀጭን መርፌ ቀስ ብለህ ሞክረው። ነቀዝ እየተጠማዘዘ ነው የሚበላው። መርፌው ቀጥ ብሎ ከገባ በመሰርሰሪያ የተበሳ ነው ብለህ ጠርጥር። ከሁሉ በላይ የቀዳዳውን አፍ ከፊት በኩል እየው። ነቀዝ ከሥዕሉ በኋላ ከመጣ ቀለሙንና ከሥሩ ያለውን ጀሶ በስቶ ያልፋል። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ፈስሶ ከገባ ግን እንጨቱ ከተበላ በኋላ ነው የተሣለው። አሮጌ እንጨት ፈልጎ አዲስ ሥዕል መሣል የተለመደ ዘዴ ነው።

ጥቁረቱም ይናገራል። የጧፍና የእጣን ጭስ፣ የሰው እጅ ወዝ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀመጥም። እጅ የሚይዘው ጠርዝ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። ከዳር እስከ ዳር እኩል የጠቆረ ሥዕል ሆን ተብሎ ጭስ የጠጣ ሊሆን ይችላል ብለህ ጠርጥር። ገመዱ የሚያልፍበትን ቀዳዳም ተመልከት፤ ለዘመናት ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ከሆነ ጠርዙ ይበላል።

ሱቅ ስላለህ የብር መፈተሻ መብራት አይጠፋህም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ገመዱ ላይ፣ ጨርቅ ካለውም ጨርቁ ላይ አብራበት። በሰማያዊ ነጭ ቦግ ካለ የዘመናችን ክር ነው፤ ነጭ ማድመቂያ ኬሚካል አለበት። ገመዱ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረድ። ቦግ አላለም ማለትም አሮጌ ነው ማለት አይደለም።

ሥዕሉን ደግሞ እንዲህ አንብበው። እመቤታችን ቀኝ እጇን በግራው ላይ አድርጋ፣ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ፣ መሐረብ ይዛ ከሆነ ይህ አሣሣል ሮም ካለው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ነው። ቅጂውን ያመጡት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ናቸው። በእኛ ሠዓሊዎች ዘንድ የተስፋፋው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል «የዘርዓ ያዕቆብ ነው» የሚል ሰው ቢገጥምህ አትመነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሠው በ15ኛው ነው። በጎንደር ዘመን መጀመሪያ የተሣሉት ቀለማቸው ደማቅና ዝርግ ነው። ኋላ ላይ ፊት ላይ ጥላ ይገባል፤ ከጀርባም ቢጫው ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ግን የሚነግርህ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ብቻ ነው። ያንኑ አሣሣል ዛሬም የሚሥሉ አሉ።

አንድ ቀን ሱቅህን ዘግተህ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ውጣ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የገበታ ሥዕሎች አሉት። ቀስ ብለህ ስታያቸው ዋል። ከዚያ ወዲያ የደላላው ሥዕል በሌላ ዓይን ነው የሚታይህ።

ጥያቄ፦ አባቴ የተዉልኝ ጨርቅ ላይ የተሣለ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል አለኝ። ጥንታዊ ነው ይባላል? አቧራ ስለያዘ በሳሙና ላጥበው ወይ? (ወ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ እህቴ፣ ውኃ እንዳይነካው! ጨርቁ አቡጀዲ ከሆነ ውኃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ይነሳል። ዳቦም፣ ሽንኩርትም፣ ዘይትም አይሞክሩ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፤ ቀለሙ የሚረግፍ ከሆነ እሱም ይቅር። ሐዋሳ ሐይቁ እርጥበት ስለሚያመጣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርገው ይስቀሉት፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል። መጠቅለል ግድ ከሆነ በወፍራም ቱቦ ላይ፣ ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል።

እንደ ጎንደር ሥዕሎች ጥንታዊ አይባልም። ግን አይናቁት። በእነ ሠዓሊ በላቸው ይመር እጅ ያደገው የአዲስ አበባ የሥዕል ገበያ የራሱ ታሪክ አለው። ሥዕሉን ሲያዩ የእኛ ሰዎች ሙሉ ፊታቸውን አዙረዋል፣ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን ይታያል፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ? የቆየው ወግ ይህ ነው። የሠዓሊው ስም ካለ ጥግ ላይ ይፈልጉት። ጽሑፉ በእስክርቢቶ ከተጻፈ ሥዕሉ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። አባትዎ ከማን፣ መቼ እንደገዙት የሚያስታውስ ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ይጠይቁና በወረቀት ጽፈው ከሥዕሉ ጋር ያስቀምጡ። ያ ወረቀት ለልጆችዎ ከፍሬሙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከስጦታ ዕቃ ሱቅ የገዛሁት የብራና ሥዕል ሥር የግዕዝ ፊደል ይታየኛል። ምን ማለት ነው? (ቤ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ብራናው የድሮ፣ ሥዕሉ አዲስ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው የድሮ መጽሐፍ ቀዶ፣ በጽሑፉ ላይ መልአክ ሥሎ ሸጠልሽ። ይህ ነገር በጣም ያመኛል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ አትግዢ፤ በተገዛ ቁጥር ሌላ መጽሐፍ ይቀደዳል። ያለሽን ግን አትጣይው። ግዕዝ ለሚያነብ ካህን አሳዪና ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ይንገርሽ። የደብር ስም ከተጻፈበት ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቺ።