ከማገዶው ቅርጫት የወጣው ባለረጅም ቀንድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ? የምኖረው ስዊድን፣ ኡሜዮ አጠገብ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ሰሞኑን በዚህ ብርድ ከምድጃው አጠገብ ካስቀመጥኩት የማገዶ ቅርጫት አንድ ግራጫ ጥንዚዛ ወጣ። ገላው የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው፤ ቀንዱ ግን የገላውን አራት እጥፍ ይሆናል! ጎረቤቴ «የቤት እንጨት የሚበላ ጥንዚዛ አለ» ብላ አስደነገጠችኝ። በብርጭቆ ከድኜዋለሁ። መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን ተይው። የከደንሽው ስዊድኖች «ቲመርማን» የሚሉት ነው፤ አናጢ እንደማለት። ቤትሽን አይነካም። ሳይንሳዊ ስሙን በ1758 ያወጣለትም የዚያው አገር የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ካርል ሊኔየስ ነው። ቀንዱ እንዲህ ከረዘመ ወንድ ነው፤ የሴቷ በጣም ያጥራል።

በብርጭቆው በኩል ደረቱን እዪው። በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ቢጫ ነጥቦች አሉት? እንግዲያው እሱ ነው። ጎረቤትሽ የሰማችው ሌላ ዘመዱን ነው። ያኛው ጠቆር ይላል፣ ቀንዱ አጭር ነው፣ ደረቱ ላይ ሁለት የሚያብለጨልጩ እብጠቶች አሉት። እሱ የደረቀ ጣውላ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ያኛውን ካየሽ ባለሙያ ጥሪ።

የአንቺው እንግዳ የሚፈልገው በቅርቡ የሞተ ወይም የተቆረጠ ጥድ ነው፤ ያውም ቅርፊቱ ያልተላጠ። ትል የሚመስለው እጩ የሚያድገው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ቅርፊት የሌለው ደረቅ ግድግዳ ለእሱ ምግብ አይደለም፤ ቁሞ ያለ ጤነኛ ዛፍም አይገድልም።

እኔ ስዊድን ሳለሁ የጥድ ግንድ ቅርፊት በመጥረቢያ ጫፍ ፈንቅዬ አይቼዋለሁ። ከሥሩ እንደ ወፍ ጎጆ የተከበበ የእንጨት ስንጣሪ ነበር። መሃሉ ላይ ጥንዚዛው ያንን ሁሉ ቀንድ በገላው ዙሪያ ጠቅልሎ ተኝቷል። ትንፋሼን ውጬ ቆየሁና ቅርፊቱን ቀስ ብዬ መለስኩለት። እንዲህ ተኝቶ ነው ብርዱን የሚያሳልፈው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ወጥቶ የግንድ ክምር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የአንቺን ያለጊዜው የቀሰቀሰው የምድጃሽ ሙቀት ነው።

አሁን ወረቀት ከብርጭቆው ሥር አስገቢና ማገዶ ቤት ውሰጂው፤ ቅርፊት ያለው ግንድ ሥር አድርጊው። በቀንዱ እንዳታነሺው፣ ይሰበርበታል። ማገዶውንም ውጭ ከምረሽ፣ የዕለቱን ብቻ አስገቢ።