የጉበት ዕጢው ተቃጠለ፣ ክትትሉ ተረሳ፣ ዕጢው ተመለሰ፦ መክሰስ እንችላለን?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ ጉበታቸው ላይ 2.4 ሴንቲሜትር የሚሆን ካንሰር ተገኘባቸው። ቀዶ ጥገና አይችሉም ተባለና ዕጢው በማይክሮዌቭ ሙቀት ተቃጠለ። ከወር በኋላ ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ሪፖርቱ «የቀረ ዕጢ አይታይም፣ ከ3 ወር በኋላ ይደገም» ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለም፣ ማንም ቀጠሮ አልሰጠም፣ እናንተም ዳኑ ብላችሁ ተቀመጣችሁ። በ10ኛው ወር ክብደታቸው ቀንሶ ሲመረመሩ ከተቃጠለው ቦታ ጎን 3.5 ሴንቲሜትር የሚሆን ዕጢ ተገኘ። ሌላ ሐኪም የድሮውን ሲዲ ከፍቶ «ይቺ እኮ ያኔም ጠርዙ ላይ ነበረች» አላችሁ። ሆስፒታሉ ደግሞ «ሊመለስ እንደሚችል አውቀው ፈርመዋል» ብሎ ወረቀት አሳያችሁ። መክሰስ እንችላለን ወይ? ማንን? ነው ጥያቄሽ።

የምትኖሪበትን አገር አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ የአንቀጽ ቁጥር አልጠቅስልሽም። ግን የሕክምና ቸልተኝነት ክርክር አጥንቱ አብዛኛው ቦታ ያው ነው። ግዴታ ነበረ፣ ግዴታው ተጣሰ፣ ጉዳት ደረሰ፣ ጉዳቱም የመጣው በዚያ መጣስ ነው። በአብዛኛው አራቱንም የማስረዳት ሸክም የከሳሽ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሦስቱ ምንም ያህል ቢጠነክሩ አያድኑሽም።

በመጀመሪያ የማትወጂውን ልንገርሽ። ዕጢው መመለሱ ብቻውን ክስ አይሆንም። በደንብ የተሠራ ማቃጠልም ቢሆን አንዳንዴ ያመልጠዋል። ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ቢያንስ 5 ሚሊሜትር፣ ከተቻለም 10 ሚሊሜትር ጤነኛ ጉበት ጨምሮ ለማቃጠል ይሞክራል። አጠገቡ ትልቅ የደም ሥር ካለ ግን የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ሳይሞት የሚተርፍ ሴል ይኖራል። በዚህ ሐኪም አይከሰስም። ግን ሁሉም ባለሙያ ይሄ እንደሚያጋጥም ስለሚያውቅ ነው ከሕክምናው በኋላ የምስል ክትትል የግድ የሆነው። የተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ምስል ከወር እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲነሣ፣ ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 ወሩ ገደማ፣ ቀጥሎም በየ6 ወሩ እንዲደገም ነው። ከተቋም ተቋም ትንሽ ይለያያል። ለአንቺ ግን ልዩነቱ ብዙ አያሳስብሽም፤ የእናንተው ሪፖርት ራሱ «ከ3 ወር በኋላ» ብሎ ጽፏል።

እንግዲህ ጉዳይሽ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ «የወሩ ምስል በስህተት ተነበበ» ነው። ሌላው «ክትትሉ ተረሳ» ነው። አንቺ በደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ያጠፋሽው ለመጀመሪያው ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ከማቃጠል በኋላ የሚነሣ ምስል ለማንበብ አስቸጋሪ ነው። የተቃጠለው ቦታ ከድሮው ዕጢ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጤነኛው ዙሪያም አብሮ ተቃጥሏል። ነገሩን የማያውቅ ሰው «አደገ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ ቦታው ግን በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይሸበሸባል። በዙሪያው ደግሞ ኮንትራስት (ምስሉ እንዲደምቅ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚስብ ቀጭን፣ እኩል የሆነ ቀለበት ይታያል። ይሄ ቁስሉ እየዳነ የሚፈጠር የደም መብዛት ነው፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ካንሰር አይደለም። የሚያሰጋው ቀለበቱ አንድ ጎን ላይ ወፍሮ እብጠት ሲይዝ ነው፣ በተለይ ኮንትራስቱ በደም ቅዳ ሲያልፍ ደምቆ ኋላ ላይ ከደበዘዘ። ታዲያ በወሩ ምስል ላይ ያለችው ነገር የትኛዋ ናት? የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ የጉበት ምስል አመዳደብ ራሱ ለታከመ ዕጢ «በሕይወት አለ» እና «የለም» ከሚሉት መሀል «አጠራጣሪ» የሚል ቦታ አስቀምጧል። ተከሳሽ ጠበቃ ይቺን ቃል ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበላት።

ሌላው ችግር፣ ያ ሁለተኛው ሐኪም ምስሉን ያየው ዕጢው የት እንደበቀለ ካወቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ (ለሐኪሙ ይቅርታ፣ ሰውየው ደግ ነገር ነው የሠራላችሁ)። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «አሁን ይታያል ወይ?» ብሎ አይደለም። «ያን ቀን፣ ያኔ በነበረው መረጃ፣ ብቃት ያለው ራዲዮሎጂስት (ምስል አንባቢ ሐኪም) ሊያልፋት ይገባ ነበር ወይ?» ነው ጥያቄው። ስለዚህ ይህንን መንገድ የምትሄጂ ከሆነ ምስሉን ቀጥሎ የሆነውን ለማያውቅ ገለልተኛ የጉበት ምስል ባለሙያ አስነብቢ። ከሕክምናው በፊት የተነሣውንና የወሩን ምስል ብቻ ስጪው። የ10ኛውን ወር አታሳዪው፣ ታሪኩንም አትንገሪው። ሳይነገረው ካገኛት ጠንካራ ምስክር አለሽ። ካላገኛት ደግሞ ብዙ ገንዘብና ዕድሜ ሳታጠፊ አወቅሽ ማለት ነው።

ሪፖርቱ ላይ አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እዪልኝ። ከላይ፣ ምርመራው እንዴት እንደተሠራ የሚናገር አጭር አንቀጽ አለ። ኮንትራስት ተሰጥቷል? ተሰጥቶ ከሆነ ምስሉ በስንት ዙር ተነሣ? የጉበት ካንሰር በብዛት የሚጋለጠው ኮንትራስቱ በደም ቅዳ በሚያልፍበት የመጀመሪያው ዙር ነው፣ ከኋለኞቹ ዙሮች ጋር ሲነጻጸር። ያለ ኮንትራስት ወይም በአንድ ዙር ብቻ ተነሥቶ «የቀረ ዕጢ አይታይም» ከተባለ ክርክሩ በአንዴ ይለወጣል። ያኔ ጥያቄው ዓይን አየ አላየ መሆኑ ይቀርና «ይህን ለመናገር በማያስችል ምስል ለምን ተናገራችሁ?» ይሆናል። ይሄ ለጠበቃ ወርቅ ነው።

ወደ ቀጠሮው ልመለስ። በዚህ ላይ ክርክሩ ስለ ጥላና ቀለበት አይደለም፣ ስለ ወረቀት ነው። ሪፖርቱ ይደገም ይላል፤ አልተደገመም። ማን ነበር ማስደገም ያለበት? እዚህ ላይ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎን ይቀስራል። ያቃጠለው ሐኪም «እኔ ሥራዬን ጨርሼ ወደ ላኪው ሐኪም መልሻለሁ» ይላል። ላኪው «ሪፖርቱ አልደረሰኝም» ይላል። ራዲዮሎጂስቱ «ጽፌያለሁ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ለዚህ ነው አንድ ሐኪም መርጠሽ ከመክሰስ ተቋሙንም አብረሽ ማየት የሚሻለው፤ በሐኪሞች መሀል መረጃ እንዳይጠፋ የማድረግ ኃላፊነት በአብዛኛው የሚያርፈው ተቋሙ ላይ ነው። ሦስቱም በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ ከሆነ «አልደረሰኝም» የሚለው መልስ ተቋሙን ራሱን ነው የሚከሰው።

አሁን ደግሞ ጠንከር ያለ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ እነሱም ይጠይቁሻልና። ሪፖርቱ በእጃችሁ ነበር? አንብባችሁታል? ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት ላይ የቀጠሮ ቀን ነበረበት? ተደውሎ ያልተነሣ ስልክ አለ? ታካሚው እያወቀ ከቀረ ካሳው በድርሻው ሊቀነስ ይችላል፣ አንዳንድ ቦታም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። የሕክምና ቋንቋ ለማይገባቸው ሰው ሪፖርት በፖስታ አሽጎ መስጠትና «በ3 ወር ካልመጡ ዕጢው ተመልሶ ላናውቅ እንችላለን» ብሎ መንገር ግን አንድ አይደለም። የቱ እንደሆነ እውነቱን ለጠበቃሽ ንገሪው። የሚጎዳሽንም ጭምር። እኛ ጠበቆች ችሎት ላይ ከደንበኛችን ቀድሞ ተከራካሪው የሚነግረንን ነገር አንወድም።

የፈረሙት ወረቀት ብዙ አያስጨንቅሽ። የስምምነት ቅጽ የሚሸፍነው ሥራው በአግባቡ ተሠርቶም ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ነው። አባትሽ «ዕጢው ሊመለስ ይችላል» ብለው ፈርመዋል። «ቢመለስ እንዳታዩልኝ» ብለው ግን አልፈረሙም። እንዲያውም ወረቀቱ ላንቺ ይጠቅምሻል፦ ሊመለስ እንደሚችል ያውቁ እንደነበር በራሳቸው ወረቀት አስመዝግበዋል።

ከባዱ ነገር ጉዳቱ ነው። በ3ኛው ወር ቢታይ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ይሄን የሚመልስልሽ ባለሙያ እንጂ ጠበቃ አይደለም። የምናውቀው ይህን ያህል ነው፦ ማቃጠል በደንብ የሚሠራው 3 ሴንቲሜትር እና ከዚያ በታች ለሆኑ ዕጢዎች ነው፣ ትንሽ ሆኖ የተገኘ ቅሪት ደግሞ ብዙ ጊዜ ድጋሚ ይቃጠላል። አሁን 3.5 ደርሷል። ሐኪሞቹ አሁንም ድጋሚ ማቃጠል ይቻላል ካሉ፣ እሰየው፤ ካሳው ግን ያንሳል። ተጨማሪ ሕክምና፣ ተጨማሪ ሥቃይ፣ ጭንቀት ብቻ ነው የምትጠይቂው። ወደ ደም ሥር ገብቷል ወይም ተሰራጭቷል ከተባለ ሌላ ክርክር ነው።

«የመዳን ዕድላቸው ቀነሰ» የሚለው ክርክር ደግሞ እንደ አገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳንባ ካንሰሩ ዘግይቶ በመታወቁ አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ ከ39 ወደ 25 በመቶ ወረደ በተባለ ሰው ጉዳይ፣ ቤተሰቡ ክሱን መቀጠል ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ነበር) በተመሳሳይ ጉዳይ፣ 9 ወር በዘገየ ካንሰር ዕድሉ ከ42 ወደ 25 በመቶ ወረደ የተባለውን ሰው 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ባዶ እጁን ሸኘው። ከመነሻውም ዕድሉ ከግማሽ በታች ነበር፣ ስለዚህ መዘግየቱ ነው የጎዳው ማለት አይቻልም ነው ነገሩ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፣ ግን ሕግ ነው። የአባትሽ ዕጢ በወቅቱ ቢያዝ የመሳካት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነበር የሚል ባለሙያ ካገኘሽ በሁለቱም አገር ዓይነት ሕግ ትቆሚያለሽ።

ከሁሉ በፊት ማስረጃ ሰብስቢ። የክስ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍሽ በፊት፣ ስልክ ደውለሽ ከመቆጣትሽም በፊት። ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ሪፖርት የአንድ ሰው አስተያየት ነው። ምስሎቹን በሙሉ፣ በዳይኮም (የሕክምና ምስል በሚቀመጥበት ዋናው) ፋይል፣ በሲዲ ጠይቂ፦ ከሕክምናው በፊት ያለውን፣ ሲቃጠል የተነሣውን፣ የወሩን፣ የ10ኛውን ወር። በስልክ ፎቶ ያነሣሽው ለማስታወሻ ይሁንሽ እንጂ ማስረጃ ብለሽ አትመኪበት። የቀጠሮ መዝገቡን፣ ከካርዱ ላይ ያሉ ማስታወሻዎችን፣ ሪፖርቱ ለማን መቼ እንደተላከ የሚያሳየውን ጠይቂ። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርሚ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፣ መዝገቡ የአባትሽ ነው፣ ከሳሹም እሳቸው ናቸው። አንቺ የምትጠይቂው በእሳቸው ፊርማ ወይም ውክልና ነው። መክሰስ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ የሳቸው ድምፅ የለም።

ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ አትርሺ። አንዳንድ አገር የሚቆጠረው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው፣ ሌላው ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን። አንቺ የከፋውን ይዘሽ፣ መደገም ከነበረበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። ለሆስፒታሉ የቅሬታ ክፍል ወይም ለሙያ ቁጥጥር አካል ማመልከት ይቻላል፣ ግን በራሱ ይርጋውን ያቆማል ብለሽ አትተማመኚ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ያለፉት ቀኖች በሙሉ ተጽፈዋል፣ የሚመጣው ግን የለም። አባትሽ ለአዲሱ ዕጢ ሕክምና የሚጀምሩት መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ያለው ምስልስ ለመቼ ተቀጠረ፣ ማን ነው የሚደውለው? ቀኑ በእጅሽ ከሌለ ጠበቃ ጋ ከመሄድሽ በፊት ሐኪማቸው ጋ ሂጂ፣ በጽሑፍ ተቀበዪ። ካሳውም ቢሆን የሚጠቅማቸው ካሉ ነው።