ሜዲቴሽን አንጎልን ይቀይራል? ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ስለ ሜዲቴሽንና ስለ አንጎል ጥናት ትንሽ ነካ አድርጌ ካለፍኩ ወዲህ ጥያቄ ጎርፎልኛል። ደብዳቤዎቹን በራሴ አባባል አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳማ አንድ አባት፦ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ግዴታ ነው ወይ? ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል።

ግዴታ አይደለም፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ጉልበትዎን ግን ለሐኪም ያሳዩት።

ከጎንደር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የቡድሃ መነኮሳትና የአንጎል ሳይንቲስቶች እንዴት ተገናኙ? ማን ነው የጀመረው?

አንድ ጀማሪ የለውም። ሰፊውን በር የከፈተው ግን ጆን ካባት-ዚን ነው። በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የሠለጠነ ሰው ነው፣ የቡድሂዝም ተመስጦንም ተምሯል። በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸውና ሐኪም ብዙ ሊጨምርላቸው ላልቻለ ሰዎች ዛሬ በ8 ሳምንት የሚሰጠውን ኮርስ ከፈተ። ሃይማኖታዊውን ክፍል ትቶ ልምምዱን ብቻ ወሰደ። ማይንድፉልነስ እያልን የምንጠራው፣ ቀልብን ሰብስቦ አሁን ያለውን ነገር ሳይፈርዱ የማስተዋል ልምምድ ወደ ሆስፒታል የገባው በዋናነት በዚህ በኩል ነው። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ዘቢብ መብላት ነው። አንዲት ፍሬ ዘቢብ እጅህ ላይ ታስቀምጣለህ። ሽብሽቧን ታያለህ፣ ታሸታታለህ፣ ከንፈርህ ላይ ታቆያታለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ትነክሳታለህ። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዘቢብ ሲበላ ኖሮ ጣዕሙን ያወቀው ያን ቀን እንደሆነ ይናገራል።

ሌላው መንገድ ከህንድ ይነሳል። በ1987 ቺሊያዊው የነርቭ ሳይንቲስት ፍራንሲስኮ ቫሬላና ነጋዴው አዳም ኤንግል ጥቂት ሳይንቲስቶችን ይዘው ዳራምሳላ ሄዱና ከቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ከዳላይ ላማ ጋር ለቀናት ተወያዩ። ማይንድ ኤንድ ላይፍ የሚባለው ተቋም ከዚያ ተወለደ። ከዚህ መስመር የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ዴቪድሰን ስሙ በብዙ ይነሳል። በእሱ ላብራቶሪ መነኮሳቱ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካ 128 ኤሌክትሮድ ያለው መረብ ራሳቸው ላይ ተደርጎላቸው ተቀመጡ። የጥናቱ ውጤት በ2004 ታተመ። ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት የተለማመዱ 8 ሰዎች ስለ ርኅራኄ ሲያሰላስሉ፣ ጋማ የሚባለው ፈጣን የአንጎል ሞገድ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሠለጠኑት 10 ተማሪዎች በእጅጉ በልጦ ታየ።

ደስ ይላል፣ እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል። ግን ልብ በል፤ ሰዎቹ 8 ናቸው። በአማካይ ዕድሜያቸው 49 ነው፣ የተማሪዎቹ ደግሞ 21። ሜዲቴሽኑ ነው አንጎላቸውን እንዲህ ያደረገው ወይስ መጀመሪያውኑ እንዲህ ዓይነት አንጎል ያለው ሰው ነው መነኩሴ ሆኖ የሚጸናው? ከዚህ ጥናት ብቻ አይታወቅም። በ2005 የነርቭ ሳይንቲስቶች ማኅበር ዳላይ ላማን ዋሽንግተን ላይ ንግግር ሲጋብዝ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፈርመው ተቃውመው ነበር። ንግግሩ ግን ተካሄደ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም፣ ባያልቅም ጥሩ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ "8 ሳምንት ሜዲቴሽን አንጎልን ያሳድጋል" የሚል ቪዲዮ በየቦታው አያለሁ። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደላከልኝ! ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ከሃርቫርድ ጋር በተያያዘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት፣ የ8 ሳምንቱን ኮርስ የወሰዱ 16 ሰዎችን አንጎል በፊትና በኋላ በኤምአርአይ አነሣ። ለትውስታና ስሜትን ለመግራት የሚያግዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ላይ ጭማሪ ተገኘ። ቪዲዮው በሙሉ እዚህች ላይ ነው የቆመው።

የቪዲዮው ባለቤት የማይነግርሽ ደግሞ ይኸውልሽ። በ2022 የዚያው የዴቪድሰን ላብራቶሪ ሰዎች 218 ሰው ይዘው ነገሩን እንደገና ፈተሹት። አንዱ ቡድን የሜዲቴሽን ኮርሱን ወሰደ። ሌላው እኩል ሰዓት የሚወስድ፣ ስፖርትና አመጋገብን የመሰለ ጤና ላይ ያተኮረ ኮርስ ወሰደ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ተራውን ጠበቀ። ውጤቱ? የአንጎል ቅርጽ ላይ በሜዲቴሽን የመጣ ለውጥ አልተገኘም።

እኔን የሚያስደስተኝ ይህን ያሳተሙት እነማን መሆናቸው ነው። ሜዲቴሽንን የሚወዱ፣ ራሳቸውም የሚለማመዱ ሰዎች ያሉበት ላብራቶሪ ነው። ሊደብቁት ይችሉ ነበር፣ አልደበቁትም። ሳይንስ ማለት ለእኔ ይህ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ጥናት ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ሰው ነው? ከማን ጋር ነው የተነፃፀረው? ምንም ካላደረገ ሰው ጋር ከተነፃፀረ ማንኛውም ኮርስ ያምርበታል። በሳምንት አንዴ ሰው ሰብሰብ ብሎ ደግ አስተማሪ ሲያዳምጠው ብቻውን ይሻለዋልና።

አንጎሉ አልገዘፈም ማለት ግን አልጠቀመም ማለት አይደለም። በ2014 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ግምገማ 47 ሙከራዎችን፣ ከ3,500 በላይ ሰዎችን አይቶ ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል አገኘ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አላገኘም። በመጠኑ ማለት ደግሞ ለተቸገረ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ከሀዋሳ፦ የትኛውን አፕ ላውርድ?

ነፃውን። ካልተመቸህ ሰርዘው።

ከደሴ፦ የቲቤት መነኮሳት ከሞቱ በኋላም ለቀናት በሜዲቴሽን ይቆያሉ፣ በብርድም ሰውነታቸውን ያሞቃሉ ይባላል። ጉድ ነው ወይስ ተረት?

ሙቀቱ ተለክቷል። የሃርቫርዱ ኸርበርት ቤንሰን ቡድን በ1982 ባሳተመው ጥናት የሦስት መነኮሳት የእጅና የእግር ጣቶች ሙቀት እስከ 8.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሮ ተገኝቷል። ከሞት በኋላ ስለሚባለው ደግሞ በ2021 ውጤቱ ወጥቷል፤ እንዲህ ቆይተዋል የተባሉ 13 ሰዎች አስከሬን ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው ኢኢጂ ተደርጎ ምንም የአንጎል እንቅስቃሴ አልተገኘም።

ከአዲስ አበባ አንዲት እናት፦ ሐኪሙ ለደም ግፊቴ ማይንድፉልነስ ሞክሪ አለኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ከእምነቴ ጋር አይጋጭም?

እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። "ከሃይማኖት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም" ብሎ የሚያልፍዎት ሰው እውነቱን አልነገረዎትም። ሥሩ ቡድሂዝም ነው፣ ከበርማ፣ ከቲቤትና ከጃፓን የመጣ ትውፊት ነው። ቢጋጭ ባይጋጭ ለመወሰን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ሙስሊም አንባቢዎቼም ሼኻቸውን። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም።

ከጥናቱ በኩል ግን የምነግርዎት ነገር አለ። በ2001 የጣሊያን ሐኪሞች ባሳተሙት ሥራ፣ 23 ጤነኛ ሰዎች አንድ ጊዜ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ሌላ ጊዜ የቲቤቶችን ማንትራ፣ ማለትም የሚደጋገም ቅዱስ ቃል፣ እንዲደግሙ አደረጉ። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ወረደ። ልብና የደም ግፊት እርስ በርስ የሚናበቡበት ሥርዓትም ተሻሻለ። ቤንሰንም ሕመምተኞቹን የሚደግሙትን ቃል ከገዛ እምነታቸው እንዲመርጡ ያደርግ ነበር። እና ሰውነት የሚረጋጋበት መንገድ የአንድ እምነት ብቻ አይደለም። ጸሎት ለሚጸልይ ሰው ከትንፋሽ ያለፈ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱን መሣሪያ አይለካውም። የግፊት መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ።

ከሜሪላንድ አንዲት እህት፦ ወንድሜን ድባቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሶበታል፣ ለዓመታት መድኃኒት ይወስዳል። "ሜዲቴሽን ከመድኃኒት እኩል ነው" የሚል ቪዲዮ አይቶ ከሁለት ሳምንት በፊት ክኒኑን በአንዴ ተወው። ጠዋት ማታ ይቀመጣል። እንቅልፍ የለውም፣ ይነጫነጫል፣ "ውስጤ እየጸዳ ነው፣ ያልፋል" ይላል። ጥናቱ ውሸት ነው?

እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ መድኃኒቱን ላዘዘለት ሐኪም ደውዪ። የምሬን ነው። ከደወልሽ በኋላ ተመልሰሽ አንብቢው።

ጥናቱ ውሸት አይደለም። በ2015 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ሥራ አለ። እንደ ወንድምሽ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ድባቴ የተመላለሰባቸው 424 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ መድኃኒቱን ቀጠለ። ግማሹ ለድባቴ ተብሎ የተዘጋጀ የማይንድፉልነስ ሕክምና ወስዶ፣ በሐኪም እገዛ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ለማቆም ሞከረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ከመጀመሪያዎቹ 47 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 44 በመቶ ናቸው። በ2022 ደግሞ እዚያው አጠገብሽ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት፣ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች አይቶ የ8 ሳምንቱ ኮርስ ኤሲታሎፕራም ከሚባለው መድኃኒት እንደማያንስ አሳየ። ቪዲዮው ይህን ነው "እኩል" ያለው።

አሁን ወንድምሽ ያደረገውን ከዚህ ጋር አስተያዪው። እነዚያ ሰዎች የሠለጠነ አስተማሪ ነበራቸው፣ ቡድን ነበራቸው፣ ሐኪም ይከታተላቸው ነበር። ክኒኑን በአንዴ የጣለ የለም። የድባቴ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣት፣ ንጭንጭ፣ ማዞር፣ ራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካው የሚመስል ስሜት ያመጣል። አንቺ የጻፍሽልኝ ምልክት ይህን ይመስላል። ሕመሙ እየተመለሰም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እሱም ራሱ አይደለም። "እየጸዳሁ ነው" ማለት ግን መልስ አይሆንም።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ሜዲቴሽን ቢያንስ አይጎዳም ይላል። የብራውን ዩኒቨርሲቲዋ ዊሎቢ ብሪተንና ባልደረቦቿ በ2017 ባወጡት ሥራ ወደ 60 የሚጠጉ ሜዲቴሽን የሚያደርጉ ሰዎችን በዝርዝር ጠይቀዋል። ድንጋጤ፣ እንቅልፍ መጥፋት፣ ከራስ ሰውነት የመለየት ስሜት፣ ከዚያም የባሰ የደረሰባቸው ነበሩ። ልምድ ያላቸው አስተማሪዎችም ሳይቀሩ። ሁሉም ሰው ይህ ይደርስበታል ማለት አይደለም፣ ግን አለ። ማወቅ አለብን።

ወንድምሽን አልፈርድበትም። በእኛ ሰው ዘንድ የአእምሮ ሕመም ክኒን ከመሳቢያ ሥር ተደብቆ ነው የሚዋጠው። ሜዲቴሽን ግን ሰው ፊት ይወራል፣ ያስመሰግናል። በዚህ በር መውጣት ማን አይፈልግም? ስለዚህ አትጣዪው። "ሜዲቴሽኑን ተው" ብለሽም አትጀምሪ። "አብሬህ ልሂድ፣ ለሐኪሙ ሁሉንም ንገረው፣ መቀመጥህንም ጭምር" በዪው። መድኃኒቱን በራሱ ግምት መልሶ አይጀምር። ስለ ሞት ካወራ ወይም ራሱን እንዳይጎዳ ከፈራሽ አትጠብቂ፣ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ወደተዘጋጀው 988 ደውዪ። አዲስ አበባ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ይዛችሁት ሂዱ። በሚቀጥለው ጽፈሽ ምን እንደሆነ አሳውቂኝ፣ እጠብቃለሁ።

ከዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት፦ ኮርሱ በየቀኑ የሚጠይቀውን 45 ደቂቃ ከየት አመጣለሁ? ለራሴ ያለኝ ማታ ትንሽ ደቂቃ ነው።

ያለሽን ተጠቀሚ። በ2007 ቻይና ውስጥ 40 ተማሪዎች በቀን 20 ደቂቃ ለ5 ቀን ብቻ ሠልጥነው፣ ዘና የማለት ልምምድ ካደረጉ ሌሎች 40 ይልቅ ትኩረታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እረፍት ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው። ዓይንሽ ከከበደ ተኚ።

ከባሕር ዳር መምህር፦ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ላስተምር አስቤ ነበር።

አሳብህ መልካም ነው፣ ግን በእንግሊዝ ሰፊ ሙከራ ተደርጎበታል። በ84 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ልጆች ገቡበት፣ ውጤቱ በ2022 ወጣ። ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም አልታየም፣ አብዛኞቹ ልጆችም ቤታቸው አልተለማመዱትም። አንተ ራስህ ብትለማመድ፣ ከዚያ ወደ ክፍል ረጋ ብለህ ብትገባ ይሻላል። ከልጆቹ መሃል በጣም የተጨነቀ ካየህ ደግሞ ዓይን ጨፍን አትበለው፤ ወላጁን አግኝ።