ተናዝዤ ወጥቼ ከመንገድ እመለሳለሁ

በዚህ ወር ሦስት ጥያቄ ይዘናል። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ወስዶብናል፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ ሄርማታ መርካቶ ጨርቅ ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ በአባቴ ወጥቼ ካቶሊክ ነኝ። ችግሬ ኑዛዜ ነው። ቅዳሜ ከመናዘዜ በፊት ኃጢአቴን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ባለ 50 ሉኩ ሊያልቅ ነው። ተናዝዤ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ውስጤ «ያንን በደንብ አልነገርሽም» ይለኛል። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ወርጄ ተመልሻለሁ። እሑድ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ውሃ የዋጥኩ ይመስለኝና ሳልቆርብ እቀራለሁ። የሚብሰውን ለመጻፍም አፍራለሁ፤ አባ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ ሲያደርጉ ጸያፍ ስድብ አእምሮዬ ውስጥ ይመጣል። እኔ አልፈልገውም፣ ግን ይመጣል። ሰይጣን ነው? ወይስ እኔው ራሴ ክፉ ነኝ? አባን ስጠይቃቸው «ልጄ አታካብጂ» አሉኝ። እንዴት እንደማላካብድ ግን አልነገሩኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ደጋግሜ አነበብኳት። እውነትሽን ነው። «አታካብጂ» ማለት እንቅልፍ እምቢ ያለውን ሰው «ተኛ» እንደማለት ነው።

ያንቺ ነገር ስም አለው። የቤተክርስቲያን ሰዎች ከድሮ ጀምሮ ስክሩፕል ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ትንሽ ሹል ጠጠር ማለት ነው። ጫማ ውስጥ ገብታ በየእርምጃው የምትወጋ ጠጠር። ትንሽ ናት፣ ግን እሷ እያለች ስለ መንገዱ ማሰብ አይቻልም። ሐኪሞች ደግሞ ኦሲዲ የሚሉት፣ ያልፈለጉት ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ ሕመም አንዱ መልክ ነው ይላሉ። አንዱ እጁን ሃያ ጊዜ ይታጠባል። አንዱ በሩን ቆልፎ ወጥቶ፣ መቆለፉን ለማየት ከመንገድ ይመለሳል። አንቺ የምታጥቢው ነፍስሽን ነው። አባዜው ግን ያው ነው። እኔ በደብዳቤ ሕመም አልፈርጅም፤ የጻፍሽው ግን በጣም ይመስለዋል።

የካቶሊክ ብቻ ነገር እንዳይመስልሽ። ሙስሊም ጎረቤትሽን ጠይቂያት፤ ወስዋስ ትልሻለች። ዉዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) አድርጎ ሲያበቃ «ክርኔ አልረጠበም ይሆናል» እያለ እንደገና የሚጀምር ሰው አይጠፋም። የእስልምና ሕግ አዋቂዎች ለዚህ ያላቸው መልስ ሁሌ ይገርመኛል፦ እርግጠኛ የሆንክበት ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም። የእኛም መምህራን ለሕሊና ጭንቀተኛ የሚሰጡት ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሐሳቡ ይመጣል፣ ትጨነቂያለሽ፣ ከባጃጅ ወርደሽ ትመለሻለሽ፣ አባ ይፈቱሻል፣ ቀለል ይልሻል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ቀለል ማለቱ ላይ ነው። አእምሮሽ «መመለስ አዳነኝ» ብሎ ይማራልና በሚቀጥለው ቅዳሜ ጭንቀቱ ባጃጁ ሳይነሣ፣ አንዳንዴም ገና ወንበሩ ላይ ተንበርክከሽ እያለሽ ይጀምራል። ደብተሩም የሚረዳሽ ይመስላል እንጂ እሳቱን የሚያራግበው እሱ ነው።

እስቲ ስለ አንድ ባለ ደብተር ላውራሽ። የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1522 ሞንሴራት በተባለ የስፔን ገዳም ሦስት ቀን ሙሉ፣ ያውም በጽሑፍ፣ የዕድሜውን ኃጢአት ተናዘዘ። ከዚያ ማንሬሳ ወደምትባል ከተማ ወርዶ ወራት ተቀመጠ። የቀረ ነገር ያለ መሰለው፤ ደግሞ ተናዘዘ። አሁንም የቀረ መሰለው። ንስሓ አባቱ «ካለፈው ውስጥ በጣም ግልጽ የሆነውን ብቻ ተናዘዝ» አሉት። ምክሩ ደህና ይመስላል አይደል? ለኢግናጥዮስ ግን ሁሉም በጣም ግልጽ ነበር! ጭራሽ ባሰበት። ራሱን ስለማጥፋት እስከማሰብ ደረሰ። አንድ ሳምንት እህል ሳይቀምስ ቆየ፤ ንስሓ አባቱ «ብላ» ብለው ሲያዙት በላ። በመጨረሻ የገላገለው አዲስ ኑዛዜ አልነበረም። ያለፈውን ከእንግዲህ አልናዘዝም ብሎ ቆረጠ፣ በቃ። (እንዲህ ያለ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላንቺም የሚመጣ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አስቀምጪና ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።)

ስለ ስድቡ። ይህን ብዙ ሰው ደብቆት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ጠይቀው ነበር፤ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል የማይፈልጉት መጥፎ ሐሳብ ድንገት ብልጭ እንደሚልባቸው ተናገሩ። ሌላው ሰው «ምን ጉድ ነው ይሄ» ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ይዘሽ ትመረምሪዋለሽ። ደግሞም የሚመጣው አክብረሽ በቆምሽበት ሰዓት ነው። ለምን? ለቁርባኑ ደንታ የሌለው ሰው እዚያ ላይ ምን ያስፈራዋል? እንዳይመጣ በታገልሽው መጠን ደግሞ ይብሳል። ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» ብሏቸው ነበር። ደወሉ ሲጮህ ዋለ።

ቤተክርስቲያንም ብትሆን ሐሳብ ስለመጣብሽ ብቻ ኃጢአተኛ ነሽ አትልም። ሞት የሚያመጣ ኃጢአት እንዲባል ነገሩ ከባድ መሆን አለበት፣ ከባድ መሆኑን አውቀሽ መሆን አለበት፣ ፈቅደሽም መሆን አለበት። ሦስቱም። «እኔ አልፈልገውም» ብለሽ በራስሽ እጅ ጽፈሽልኛል። ሦስተኛው ወደቀ ማለት ነው።

የጥርስ ውሃውን በአጭሩ ልጨርሰው። እናትሽ ኦርቶዶክስ ናት፤ እዚያ ሊቆርብ ያሰበ ሰው ለብዙ ሰዓታት ምንም አይቀምስም። በእኛ በላቲኑ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና ቁጥር 919 የሚለው ከመቁረብ በፊት አንድ ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መጾም ነው። ከውሃና ከመድኃኒት በቀር ይላል። ስለዚህ የቦረሽሽበትን ውሃ ጠብታውን አይደለም፣ ሙሉ ብርጭቆ ብትጠጪም መቁረብ ትችያለሽ። እኔም ልጅ ሳለሁ ቅዱስ ቁርባን ጥርስህን ከነካ ደም ይወጣል ብለውኝ አፌን ሳላንቀሳቅስ ይዤ የምመለስ ነበርኩ፤ ማን እንደነገረኝ እንኳ አላስታውስም፣ ፍርሃቱ ግን ከቀኖናው ሁሉ በላይ ተጣብቆብኝ ቆየ።

እሺ፣ ምን ታደርጊ? አንድ ንስሓ አባት ብቻ ይኑርሽ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ አትዙሪ። ከዚያ ከኑዛዜ ውጭ፣ ቢሮአቸው ቁጭ ብለሽ፣ ይህን ለኔ የጻፍሽውን ንገሪያቸው። ከኑዛዜ ውጭ ያልኩት በምክንያት ነው። የኑዛዜን ምስጢር ያወጣ ካህን ወዲያውኑ ከቤተክርስቲያን ኅብረት ይለያል፣ ስለዚህ እዚያ ውስጥ የሰሙትን ራሳቸው እንኳ በኋላ አንሥተው ሊያወሩሽ ይከብዳቸዋል። ከዚያ ተስማሙ፦ በወር አንዴ፣ ያለ ደብተር፣ አምስት ደቂቃ። «ይህ ሞት የሚያመጣ ኃጢአት ነው ብዬ እምላለሁ» የማትዪውን አትናገሪም። ደብተሩን ለእሳቸው ስጪ። ሳትቀድጂው፣ ሳታነቢው።

ባጃጅ ውስጥ ሐሳቡ ሲመጣ አትመለሺም። ይጨንቅሻል፣ ልብሽ ይመታል፣ ሰውዬው ኧረ ምን ሆንሽ እስኪልሽ ትቁነጠነጫለሽ። ተቀመጪ። ጭንቀት ካልቀለብሽው ወጥቶ ወጥቶ ይወርዳል። ለዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ የሚያስፈራውን በጥቂት በጥቂቱ ያስጋፍጡሽና ማረጋገጫውን ያስተዉሻል። ብቻሽን ከከበደሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ እብደት አይደለም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ደግሞ በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብለሽ አትተዪው፤ ለዚህ ሕመም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ይህን ለሚያነቡ አባቶችም አንድ ቃል። እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ በየሳምንቱ «አይዞሽ፣ ኃጢአት አይደለም» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ማረጋገጫ በመስጠት ግን አባዜውን ትቀልቡታላችሁ። አንዴ በደንብ አስረዷትና ሁለተኛ ስትጠይቅ «መልሱን ታውቂዋለሽ» በሏት። የንስሓ አባቶች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ አልፎንሶስ ሊጎሪ ራሱ በዚህ ጭንቀት የተሠቃየ ሰው ነው፤ ለእንዲህ ያሉት ይመክር የነበረው ንስሓ አባታቸውን ሰምተው በዚያ እንዲያርፉ ነው።

ጥያቄ፦ ስጸልይ ምንም አይሰማኝም። መቁጠሪያ እደግማለሁ፣ ግድግዳ የማዋራ ይመስለኛል። እምነቴን አጥቼ ነው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማዘር ተሬዛ ወደ 50 ዓመት ገደማ እንዲሁ ሆነው ኖረዋል። ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ነው ሰው ያወቀው። ስሜት መጥፋቱ ብቻውን እምነት ጠፋ ማለት አይደለም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እንቅልፍህስ? ምግቡስ? ቡና ላይ ተቀምጠህ ጨዋታውም እንደ ጸሎቱ ግድግዳ ከሆነብህ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ድብርት ሊሆን ይችላልና ከቄስ በፊት ሐኪም እይ። ጸሎቱ ብቻ ከደረቀ ግን አሳጥረው እንጂ አትተወው።

ጥያቄ፦ አባታችን ሆስፒታል ተኝቷል፤ ልቡ ነው። ቄስ ጠርተን ቅባት ይቀባ ስል ታላቅ ወንድሜ «ልትገድይው ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድምሽ ከሜዳ አልተነሣም። ድሮ ይህ ምሥጢር «የመጨረሻ ቅባት» ነበር የሚባለው፤ ቄሱ ዘይት ይዞ ሲገባ ሰዉ ልቅሶ ይጀምር ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 «የሕሙማን ቅባት» ቢባል ይሻላል፣ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ብቻም አይደለም አለ። በ1972 ደግሞ ሥርዓቱ ታደሰ። ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ይቀባል፣ ያረጀና የደከመ ይቀባል፣ ድኖ እንደገና ቢታመምም እንደገና ይቀባል። እንዲያውም ሰውየው ነፍሱን ሳይስት፣ «አሜን» ማለት ሲችል ቢሆን ይመረጣል።

ግን በክርክር አታሸንፊውም፤ ሰውየው የፈራው አባቱን ማጣት ነው እንጂ ዘይቱን አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው አባትሽ ነው። ብቻውን ሲሆን «አባዬ፣ አባ መጥተው ቢጸልዩልህ ደስ ይልሃል?» በይው። እሺ ካለ ለወንድምሽ ራሱ ይንገረው። ሰዓቱንም ምረጡ፤ ማታ መብራት ደብዘዝ ሲል ሳይሆን ጠያቂ በሚበዛበት ከሰዓት፣ ሾርባው ሲመጣ። አባን ለማምጣት ባጃጁን ይዞ የሚሄደው ደግሞ ወንድምሽ ይሁን።