ሪሴፕተሩን ወደድሽው፤ አይጧንስ?

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ አንጎል መድኃኒቶች መማር ከጀመርን ወዲህ አንዲት ቅንጣት ሞለኪውል ሪሴፕተር (መድኃኒቱን የሚቀበል የሴል ክፍል) ላይ ተቀምጣ የሰውን ባህሪ እንዴት እንደምትለውጥ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ። የኒውሮፋርማኮሎጂ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ሒሳቤ ደካማ ነው። አይጥ መግደል የምችልም አይመስለኝም። ቤተሰቦቼ ደግሞ “መጀመሪያ ሐኪም ሁኚ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ትመራመሪያለሽ” ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ አላስደነገጠኝም። ኦቶ ሌዊ ነርቭ በኬሚካል እንደሚነጋገር ያሳየበት የእንቁራሪት ልብ ሙከራ በሕልሙ እንደመጣለት ራሱ ተርኳል። ሌሊት ነቅቶ ጻፈው፤ ጠዋት ግን የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። ሕልሙ በማግስቱ ሲመለስ ወረቀት አልፈለገም፣ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ሮጠ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በ1936 ኖቤል ተሸለመበት። አንቺ ግን ደብተርሽን አልጋሽ አጠገብ አድርጊና ተኚ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሌላ ነገር አየሁ። ሪሴፕተሩን ወደሽዋል። ብዙዎቹ የሚጽፉልኝ ተማሪዎች እንደዚያው ናቸው። መድኃኒቱን እንደ ቁልፍ፣ ሪሴፕተሩን እንደ በር የሚያሳየው ሥዕል ይማርካል፤ ቁልፉ ገባ፣ በሩ ተከፈተ፣ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያ የሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው። ሞርፊንና ናሎክሶን አንድ ዓይነት ሪሴፕተር ላይ ይቀመጣሉ። ሞርፊን ይቀሰቅሰዋል። ናሎክሶን ግን አጥብቆ ይይዘውና ዝም ይላል፤ ለዚህም ነው በኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ መድኃኒቶች) ብዛት ትንፋሹ ሊቆም የደረሰን ሰው የሚመልሰው። እስከዚህ በመማሪያ መጽሐፍሽ ውስጥ አለ።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሼፐርድ ሲገልና ባልደረቦቹ በ1982 ያሳተሙትን ሙከራ ልንገርሽ። ሄሮይን ደጋግመው የወሰዱ አይጦች ተላምደዋል። ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከፍተኛ መጠን ተሰጠ። ግማሾቹ የወሰዱት በለመዱት ክፍል፣ ግማሾቹ በሌላ ክፍል ነው። በለመዱት ክፍል ከወሰዱት 32 በመቶ ሞቱ። በሌላው ክፍል 64 በመቶ። ሄሮይን ቀምሰው ከማያውቁት ደግሞ 96 በመቶ። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው። የተለየው ክፍሉ ብቻ ነው! እንግዲህ ይህን ከቁልፍና ከበር ሥዕል ብቻ አውጥተሽ አስረጂኝ።

ስለዚህ ውሳኔሽ የሚንጠለጠለው ሪሴፕተሩን በመውደድሽ ላይ አይመስለኝም። የእንስሳን ባህሪ ቁጭ ብሎ የመቁጠር ትዕግሥት አለሽ ወይ ነው ጥያቄው። ቀኑ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ከወለል ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የመስቀል ቅርጽ መድረክ አለ። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጧን መሀል ላይ ታስቀምጫለሽ፣ አምስት ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ። አይጥ ገላጣ ቦታና ከፍታ ትፈራለች፤ ግድግዳውን ተጠግታ ትውላለች። እንደ ዳያዜፓም ያለ ጭንቀት የሚያቀል መድኃኒት ከወሰደች ግን ወደ ገላጣው ትወጣለች፣ ጠርዝ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ታች ትሰድዳለች። ቀላል ይመስላል አይደል? አሁን ጣጣውን ስሚ። መድኃኒቱ ጭንቀቷን ሳይነካ ዝም ብሎ የሚያቅበጠብጣት ቢሆንስ? ያኔም ገላጣው ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በአጠቃላይ ስንት ጊዜ ከክንድ ወደ ክንድ እንደተዘዋወረች መቁጠር አለብሽ። መድረኩን በደንብ ካላጸዳሽ ደግሞ ተከታይዋ አይጥ የቀደመችውን ሽታ ስታሸት አምስት ደቂቃዋ ያልቃል። በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የወንድ ተመራማሪ ሽታ፣ ሌላው ቀርቶ ለብሶት ያደረ ቲሸርት፣ አይጦችን አስጨንቆ የሕመም ስሜታቸውን ይቀንሳል። ሴቶቹ ተመራማሪዎች ይህን አላመጡም። ስንት የሕመም ማስታገሻ ሙከራ በዚህ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ይህን ስታነቢ “ኧረ ይሰለቻል” ካልሽ አላዝንብሽም። ሪሴፕተርን በሴል ወይም በኮምፒውተር ብቻ የሚያጠኑ አሉ፣ ደስ የሚል ሥራ ነው። የኖቤሉ ኮሚቴም በ2012 ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካን የሸለመው ለሪሴፕተር ጥናት ነው። “ቲሸርቱ ምን አደረጋቸው?” ብለሽ ከተጨነቅሽ ግን ቦታሽ የባህሪው በኩል ነው።

ወደ ፍርሃቶችሽ እንምጣ። ሒሳቡ የምታስቢውን ያህል አይደለም። የሪሴፕተር ሒሳብ መነሻው ማካፈል ነው። አንድ መድኃኒት ከሪሴፕተሩ ጋር ምን ያህል እንደሚጣበቅ የሚናገር ኬዲ የሚባል ቁጥር አለ። የመድኃኒቱን ክምችት ለክምችቱና ለኬዲ ድምር አካፍዪው፣ ከሪሴፕተሮቹ ምን ያህሉ እንደተያዘ ይነግርሻል። ክምችቱ ከኬዲ ጋር እኩል ሲሆን ግማሹ ይያዛል። አሥር እጥፍ ስታደርጊው 91 በመቶ ገደማ። መቶ እጥፍ ስታደርጊው 99። አየሽ፣ ከአሥር ወደ መቶ ስትዘዪ ያተረፍሽው ስምንት በመቶ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን ሙሉውን ትከፍያለሽ። ይህ ከገባሽ ሒሳብሽ ይበቃል። ጊዜሽን ስታቲስቲክስ ላይ አውዪው። አር ወይም ፓይተን ከሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች አንዱን ተማሪ፣ የትኛውም ይሁን። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የወደቀው ካልኩለስ ላይ አይደለም፤ ስምንት አይጥ ይበቃል ወይስ ሃያ የሚለውን መመለስ አቅቶት ነው።

ስለ አይጦቹ አልዋሽሽም። አብዛኛው የባህሪ ሙከራ የሚያልቀው አይጧ ተገድላ አንጎሏ ሲመረመር ነው። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጡት መርህ አለ፦ ከተቻለ በሌላ ተካ፣ ቁጥራቸውን ቀንስ፣ ሥቃያቸውን አቅልል። ይህን ከልቡ የሚከተል ላቦራቶሪና ለወረቀቱ ብቻ የሚሞላው በመልካቸው ይለያያሉ፤ እንስሳት ቤቱ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆሞ የእጅ አያያዛቸውን ማየት ይበቃል። ምንም የማይሰማው ተማሪ ከአንቺ ይልቅ ያሳስበኛል። አልችልም ካልሽም በሩ አልተዘጋም። የሰው አንጎል ውስጥ ስንት ሪሴፕተር እንደተያዘ ፔት በሚባል የአንጎል ምስል ማንሻ የሚለኩ አሉ፣ በበጎ ፈቃደኞች ላይ የሚሠሩ አሉ። ሳታዪ ግን አትወስኚ።

“ሐኪም ሁኚ” ለሚለው የእኔ መልስ አይ ነው፣ ታካሚ ማየት ካልፈለግሽ በስተቀር። በ1973 የኦፒዮይድ ሪሴፕተርን ካገኙት መካከል ሁለት ሰዎችን ልጥቀስልሽ። ሰለሞን ስናይደር የአእምሮ ሐኪም ነው። ካንዳስ ፐርት ደግሞ ያኔ ገና የዶክትሬት ተማሪው ነበረች፣ ሐኪም አልነበረችም። ሁለቱም መንገዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል። ታሪኩ መራራ ጭራም አለው። በ1978 የላስከር የሕክምና ምርምር ሽልማት ለስናይደርና ለሌሎች ሁለት ሰዎች ሲሰጥ ፐርት ተዘለለች፣ ቅሬታዋንም በአደባባይ ተናገረች። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የትም ስትገቢ “በጥናት ጽሑፍ ላይ የደራሲዎችን ስም ቅደም ተከተል እንዴት ነው የምትወስኑት?” ብለሽ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። በመጨረሻው ዓመት መጠየቅ ግን የባሰ ነው።

ፋርማሲሽን ደግሞ አትናቂው። ነርቮች የሚነጋገሩበት ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ራሱ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ግድብ አያልፍም፤ ሰውነት ዶፓሚን የሚሠራበት ኤል-ዶፓ ግን ያልፋል። አርቪድ ካርልሰን በ1957 ሪሰርፒን በተባለ መድኃኒት ደንዝዘው የተዘረሩትን ጥንቸሎች ያስነሳቸው በኤል-ዶፓ ነው። መድኃኒት የት ይደርሳል፣ መቼ ይደርሳል የሚለውን አንቺ ከአሁኑ ተምረሽዋል። ከሥነ ልቦና ወይም ከባዮሎጂ የሚመጡት ጓደኞችሽ ይህን ገና ይታገሉታል።

ስለ ሥራ ዕድሉ በአጭሩ፦ ዶክትሬቱ ዓመታት ይወስዳል፣ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ጠባብ ነው፣ የአንጎል መድኃኒቶችም በሙከራ ደረጃ በብዛት ይወድቃሉ። በሌላ በኩል አንጎል ላይ የሚሠራ አዲስ መድኃኒት ሱስ ያስይዝ እንደሆነ ከመጽደቁ በፊት መፈተሽ ስላለበት ባህሪ መለካት የሚችል ሰው በኢንዱስትሪም ይፈለጋል። የክሊኒካል ሙከራ ክትትልም አለ። ማስተርሱን ጨርሰሽ እዚያ ብትቀሪ ማንም “አቋረጠች” አይልሽም። ቢልም አትስሚው።

አሁን አንድ የባህሪ ላቦራቶሪ ፈልጊና ለኃላፊው አጭር ኢሜይል ጻፊ። “ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ” የሚለውን ተይው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። የላቦራቶሪውን አንድ ጽሑፍ አንብበሽ አንድ ያልገባሽን ነገር ጠይቂ፣ ከዚያ በዕረፍትሽ ወር መጥተሽ መድረክ ለማጽዳት ፈቃደኛ እንደሆንሽ ንገሪው። ከገባሽ በኋላ ሻይ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹን “ባለፈው ዓመት ያልሠራላችሁ ሙከራ የቱ ነው?” በያቸው። እየተሳሳቁ ከነገሩሽ እዚያው ቆዪ። እርስ በርስ ተያይተው ዝም ካሉ ሌላ ላቦራቶሪ ፈልጊ።