ሽቅብ ሲወጣ የሚያንኳኳ አይሱዙ፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

«ባለ 4 ሲሊንደር አሮጌ አይሱዙ አለኝ። ከኮምቦልቻ ጭኜ ወደ ደሴ ስወጣ ሞተሩ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ሜዳ ላይ ይቀንሳል። ጋራዥ ‹ቢየላ ነው፣ ሞተር ይውረድ› አሉኝ። ምን ይሻለኛል?»

አብሽሩ ወንድሜ፣ ሞተሩን ገና እንዳያስወርዱት። ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ኖዝልም (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) ልክ እንደ ቢየላ (ፒስቶኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያያይዘው ክንድ) ይመታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ የኖዝል ችግር ካለ ዳገቱ ላይ በጥቁር ጭስ ይጎላል።

መጀመሪያ ዘይቱን ይለኩ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ካለ ወዲያው ያጥፉት፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ።

መብራቱ ደህና ከሆነ፣ በሞቀ ሞተር በሚኒሞ፣ የአንዱን ኖዝል የናፍጣ ቱቦ ዳዶ (ብዙ ጊዜ በ17 ቁልፍ) ግማሽ ዙር ያላሉ። ጨርቅ ይጠምጥሙበት፣ እጅዎን ግን ከሚረጨው ናፍጣ ያርቁ። ይህ ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ ለሚገፋ ሞተር ብቻ ነው፤ ኮመን ሬል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ የሆነ) ላይ ፈጽሞ አይሞክሩት። ድምፁን ያዳምጡ፣ መልሰው ያጥብቁ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ቱቦው ሲላላ ድምፁ የጠፋበት ሲሊንደር ጥፋተኛው ነው። የትኛውም ቢላላ የማይለወጥ፣ ከላይ የሚሰማ ቀጭን ቲክ ቲክ ከሆነ ፑንቴሪያው (የቫልቩ መግፊያ) ነው፤ በብዙዎቹ የአይሱዙ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሮች ክፍተቱ 0.40 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሚስተካከለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው።

ዋናው ሙከራ እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ጥፋተኛው 3ኛው ቢሆን፣ ኖዝሉን ከ2ኛው ጋር ያቀያይሩ። የመዳብ ሮንዴላዎቹ (የኖዝሉ ማሸጊያ ቀለበቶች) አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌው ከተመለሰ ግፊት እያመለጠ ሌላ ድምፅ ይጨምርብዎታል። መኳኳቱ ወደ 2ኛው ከዞረ ችግሩ ኖዝሉ ነው፤ ለፖምፓ ባለሙያ ሰጥተው ያስፈትሹት። እዚያው 3ኛው ላይ ከቀረ ግን ጥርጣሬው ወደ ቢየላና ፒስቶን ይሄዳል።

ያን ጊዜም ቢሆን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ብቻ ይውረድ። ከታች የቀረውን ዘይት በሁለት ጣትዎ አሽተው ፀሐይ ላይ ያዩት፤ ወርቅማ ብናኝ ካብለጨለጨ ብሮንዚናው (በቢየላውና በዋናው ዘንግ መካከል ያለው ስስ ሽፋን) ተበልቷል። የቢየላው ካፕ ተፈትቶ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ጥፍርዎን ያንሸራቱ። ካልያዘዎት፣ ኮሎው በማይክሮሜትር ተለክቶ ልኩን ከጠበቀ፣ አዲስ ብሮንዚና ይበቃል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ሬቲፊካ (ኮሎው በማሽን ተሞርዶ የሚስተካከልበት) መግባቱ ግድ ነው፤ ሞተሩ የሚወርደው ያኔ ነው።